ከአዳማ እየተመላለሳችሁ የጭነት አውሮፕላን ለምታበሩ

ቤተሰቡ አዳማ ሆኖ ከቦሌ የሚነሣ የጭነት አብራሪ የአውሮፕላን ዓይነት ሲመርጥ፣ ከአውሮፕላኑ ግዝፈትና ዝና ይልቅ የወሩን የበረራ መርሐ ግብር ቢመዝን ይበጀዋል። ወደ 102 ቶን ጭኖ 9,200 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ የሚችለው የጭነት ቦይንግ 777 ለረጅም ጉዞ የተሠራ ስለሆነ፣ ከቤት የሚያርቀው ቀን ቢበዛም ከጉዞው በኋላ የሚገኘው ዕረፍት ረዘም ስለሚል፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ ያለው ምልልስ ይቀንሳል። ወደ 24 ቶን የሚጭነው 737-800 ግን በአጫጭር መስመሮች፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ስለሚሠራ፣ ንጋት ላይ አርፎ በድካም ወደ አዳማ መንዳትን ያስከትላል፤ ይህን አውሮፕላን የሚመርጥ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ አስቀድሞ ያዘጋጅ፣ ሳይተኛም መሪ አይጨብጥ።

ያም ሆኖ ለጀማሪ ረዳት አብራሪ እኔ የምመክረው 737ን ነው። በረጅም በረራ ሦስት ወይም አራት አብራሪዎች ስለሚሳፈሩ የማሳረፉ ተራ በቶሎ አይደርስም፤ በ90 ቀን ውስጥ የሚጠየቁትን ሦስት መነሣትና ማረፍ ለማሟላትም አንዳንዴ ሲሙሌተር (ምድር ላይ ያለ የበረራ መለማመጃ መሣሪያ) መግባት ግድ ይሆናል። በ737 ግን እጅ በየቀኑ ይፍታታል።