ብጉር፦ ቦታውንና መልኩን አይቶ መንስኤውን መለየት

ቅባት ከመግዛትዎ በፊት መስታወት ይያዙና ብጉሩ የት እንደወጣ፣ ምን እንደሚመስል ይዩ። መድኃኒቱ የሚለየው በዚህ ነው። ብጉር የቆሻሻ በሽታ አይደለም፤ ሆርሞን የቆዳን ወዝ ያበዛል፣ የሞተ ቆዳ ከወዙ ጋር ተጣብቆ የፀጉር ቀዳዳን ይደፍናል፣ ከውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፣ ቆዳው ይቆጣል። ስለዚህ ፊትን በልብስ ሳሙና መፈተግ ቆዳውን ይልጠዋል እንጂ ቀዳዳውን አይከፍተውም። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል።

ግንባርና የፀጉር ዳር ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ጉብታዎች
መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የፀጉር ቅባት ነው። ለጋ ቅቤ የተቀባ ሹሩባ ፀሐይ ሲያገኘው ቅቤው ቀልጦ ወደ ግንባር ይወርዳል፤ ሌሊት ደግሞ ከሻሽና ከትራስ ወደ ጉንጭ ይተላለፋል። ቅቤውን መተው ግድ አይደለም። ከፀጉር ዳር ሁለት ጣት ያህል ርቀው ይቀቡ፣ ግንባርዎን ማታ ይታጠቡ፣ ሻሽና የትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ ይጠቡ። ጉብታው የሚጠፋው በሳምንታት ነው፤ በሦስተኛው ቀን አልለቀቀም ብለው ሌላ ቅባት አይደርቡበት።

ጥቁርና ነጭ ነጥብ የበዛበት፣ መግል ያልያዘ
ቀዳዳ የሚከፍት መድኃኒት ያስፈልጋል፦ አዳፓሊን 0.1%። ማታ ታጥበው ፊትዎ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ የአተር ፍሬ የሚያህል ወስደው መላ ፊት ላይ ስስ አድርገው ይቀቡ። ነጥብ ነጥቡ ላይ ብቻ መቀባት ነገ የሚወጣውን አያስቀርም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ሌሊት እየዘለሉ ይጠቀሙ፤ መድረቅና መላጥ ያጋጥማል፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ያስታግሰዋል። ውጤቱ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው። ብዙ ሰው በአራተኛው ሳምንት ያቆማል፤ «አልሠራልኝም» የሚባለውም ከዚህ የተነሳ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ አይጠቀሙ።

መግል የያዘ፣ ሲነኩት የሚያም
ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5% ወይም 5% ይጨምሩ፤ ጠዋት እሱን፣ ማታ አዳፓሊንን። ልብስ ስለሚያነጣ የነጠላ ጥለትና ቀለም ያለው ፎጣ እንዳይነካው ይጠንቀቁ። ደረትና ጀርባ ድረስ ከተስፋፋ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም (የሚዋጥ አንቲባዮቲክ) ሊያዝ ይችላል። እሱን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውጠው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ይበሉ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። በባዶ ሆድ ሊያቅለሸልሽ ስለሚችል በጾም ወቅት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይስማሙ። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ክሬም ሲቀቡ የሚጠፋ፣ ሲያቆሙ ብሶ የሚመለስ
ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበናል። ፊት ያቀላል ተብሎ የሚሸጥ ክሬም ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለበት፤ ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ይፈልጉ። ስቴሮይድ መቆጣቱን ለጊዜው ያፍነዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ብጉሮች ፊቱን ይሞሉታል። ሲያቆሙት ስለሚብስ ሰው ተመልሶ ይቀባል፤ ከድጡ ወደ ማጡ። መፍትሔው ማቆም ነው። ለወራት የተጠቀሙ ከሆነ ግን ቱቦውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እንዴት እንደሚያቆሙት እሱ ይምራዎት። ከቆመ በኋላ የሚመጣው መባባስ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ እሱን ፈርተው አይመለሱ።

የሚያሳክክ፣ እኩል መጠን ያለው፣ ግንባርና ደረት ላይ
ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ከወጣ። ኬቶኮናዞል ሻምፖ 2% ቀብተው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይታጠቡ።

አገጭና መንጋጋ ላይ፣ የወር አበባ ሲቃረብ የሚብስ
ሆርሞን ነው። የወር አበባ የሚዛባ ወይም ፊት ላይ ፀጉር የሚበቅል ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋል። የሦስት ወር መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ ከጀመሩ በኋላ ከባሰ ለሰጠችዎ የጤና ባለሙያ ይንገሯት፤ ሌላ አማራጭ አለ።

ብጉሩ ድኖ የቀረ ጥቁር ምልክት
ጠባሳ አይደለም፤ በወራት ይደበዝዛል። የሚያዘገዩት ማፍረጥ፣ ሎሚና ፀሐይ ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለችው እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ቦታ አየሩ ቢቀዘቅዝም የደጋ ፀሐይ ትለበልባለች። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ይያዙ፣ ኤስፒኤፍ 30 የፀሐይ መከላከያ ይቀቡ። አዜላይክ አሲድ የሚባለው ቅባት ምልክቱንም ብጉሩንም ይረዳል፤ በእርግዝናም ይፈቀዳል።

ጠልቆ የሚያብጥ፣ ጎድጓዳ ጠባሳ የሚተው
በቤት አይሞክሩት። ጠባሳው አንዴ ከቀረ በቅባት አይሞላም፤ ስለዚህ ጊዜ ሳያባክኑ ከጤና ጣቢያ ወደ ቆዳ ሐኪም ሪፈር ያስጽፉ። አይሶትሬቲኖይን የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት የሚታዘዘው ለእንዲህ ያለው ነው። ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሴት ከመጀመሯ 1 ወር በፊት አንስቶ ካቆመች 1 ወር እስኪያልፍ ማርገዝ የለባትም፤ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራም አብሮ ይታዘዛል።