የሪሞት መኪና ባትሪ እንዴት ዲስቻርጅ ይደረጋል? አምፖሉን ብቻ አትመኑ

ባህር ዳር ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሪሞት መኪና የምናሽቀዳድም ጥቂት ሰዎች አለን፣ እና ስንሸነፍ ሞተሩን እንረግማለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የባትሪ ነው።

መጀመሪያ ባትሪው ላይ የተጻፈውን እዩ። 7.2 ቮልት የሚል ከሆነ ባለ ስድስት ሴል (ውስጡ የተያያዙ ስድስት ትናንሽ ባትሪዎች ያሉት) ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፣ 7.4 ካለ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው። ይሄን ሳትለዩ ምንም አትንኩ፣ ለአንዱ መድሃኒት የሆነው ሌላውን ይገለዋል።

ከኒኬሉ ልጀምር። ከውድድር ሲወጣ ትኩስ ስለሆነ እስኪበርድ ተዉት። ዲስቻርጅ የሚያረግ፣ ማለትም ባትሪውን የሚያራግፍ ቻርጀር ካላችሁ 5.4 ቮልት ላይ እንዲያቆም አስተካክሉት፣ ለአንድ ሴል 0.9 ማለት ነው። ከሌላችሁ የባጃጅ መለዋወጫ ቤት ሂዱና ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬን አምፖል ግዙ፣ ሁለት ሽቦ በይዱበትና ለባትሪው የሚገጥም ሶኬት አድርጉለት። ከ1 አምፔር ትንሽ በለጥ አድርጎ ነው የሚስበው፣ ቀስ ብሎ ይጨርሳል። አምፖሉ ስለሚግል ምንጣፍ ላይ እንዳታስቀምጡት፣ እኔ የጀበና ስባሪ ላይ ነው የማስቀምጠው።

ችግሩ አምፖል በቃኝ አይልም። ለ12 ቮልት የተሰራ ስለሆነ ገና ስትሰኩትም ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሲቀንስ በአይን አይለይም። ስለዚህ ቴስተር አብራችሁ ሰክታችሁ ቁጥሩን እዩ፣ ብዙ ሰዓት ቆም ብሎ ይቆይና መጨረሻ ላይ በአንዴ ይወርዳል፣ 5.4 ሲደርስ ንቀሉ። ከነቀላችሁ በኋላ ቮልቱ ተመልሶ ከፍ ይላል፣ "ኧረ ገና አለው" ብላችሁ መልሳችሁ እንዳትሰኩት።

እኔ አምና ክረምት ላይ አምፖሉን ሰክቼ ቁጭ ባልኩበት መብራት ሄደ፣ እሰይ ብዬ እሱኑ እንደ ኩራዝ አድርጌ እራቴን በላሁና እዛው እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት እያንዳንዱን ሴል ስለካ አንዱ ላይ ቴስተሩ የመቀነስ ምልክት አወጣ። ስድስቱ ሴሎች እኩል አይደሉም፣ ደካማው ቀድሞ ያልቅና የቀሩት አምስቱ ኤሌክትሪኩን በግድ በሱ ውስጥ ስለሚያሳልፉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ይገለበጣል። ያ ሴል ከዛ ወዲህ ቻርጅ ይዞ አያውቅም።

ደግሞ በየቀኑ ማራገፍ አያስፈልግም፣ ያ የድሮው የኒኬል ካድሚየም ወሬ ነው። በየጥቂት ውድድሩ አንዴ አራግፋችሁ በቀስታ ሙሉት፣ ባትሪው 3000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) ከሆነ በ300 ሚሊአምፔር ከ14 እስከ 16 ሰዓት፣ ሴሎቹ እኩል የሚሆኑት ያኔ ነው። ባዶውን ግን ወር አታስቀምጡት።

ሊፖ ላይ አምፖል የሚባል ነገር የለም፣ በቃ። አንድ ሴል ከ3.0 ቮልት በታች ከወረደ ተበላሸ፣ እኔ ስፒድ ኮንትሮለሩን (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን) ለአንድ ሴል 3.2 ላይ እንዲቆርጥ ነው የማረገው። ስትሞሉ ባላንስ ሶኬቷን (ሴሎቹ እኩል እንዲሞሉ የምታደርገውን ትንሿን ሶኬት) ሁሌ ስኩ፣ 5000 mAh ከሆነ በ5 አምፔር፣ ጣሪያው 8.4 ቮልት ነው። ለሳምንት ካልተወዳደራችሁ ሞልታችሁ አታስቀምጡ፣ በቻርጀሩ ስቶሬጅ 7.6 ላይ አድርጉት። ካበጠ አበቃለት፣ ሊበሳው የሚሞክር ልጅ አይጠፋም ደሞ፣ እንዳትበሱት፣ እሳት ነው። ቻርጅ ላይ እያለ ጥላችሁት አትሂዱ። ባህር ዳር በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮ ስር ወይ የቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጥም። ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ግን ተቃራኒው ነው፣ የጠዋቱ ብርድ ስለሚያደክመው እስክንጀምር ባትሪዎቹን በጋቢ ጠቅልለን ነው የምንይዘው።

መብራት ለሚሄድበት ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ የሪሞት መኪና ቻርጀሮች ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪም ይሰራሉ። ኒኬሉን በሰዓት ቆጣሪ በቀስታ እየሞላችሁ መብራት ሄዶ ከመጣ ግን አንዳንዱ ቻርጀር ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምራል፣ ስምንት ሰዓት ሞልቶ የነበረው ላይ ሌላ አስራ አራት ይደርብበታል፣ ስለዚህ የጀመራችሁበትን ሰዓት ባትሪው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት።