ከካርቶን የወጣ የክላስ 60 ሞዴልን ሥራ ላይ የቆየ ሎኮሞቲቭ ማስመሰል

ክላስ 60 በብሪታንያ ሐዲዶች ላይ ከባድ ጭነት እንዲጎትት የተሠራ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። ብራሽ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1993 ባለው ጊዜ ላፍቦሮ ከተማ ውስጥ 100 ሎኮሞቲቮችን ሠርቷል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ 3,100 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ የተፈለገው ለጉልበቱ እንጂ ለሩጫው አይደለም። ድንጋይ፣ የብረት ማዕድን፣ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ሲያመላልስ የኖረ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ አይገኝም። የሞዴል ባቡር አምራቹ ሆርንቢ በ1፡76 መጠን ያወጣው ሞዴል ቅርጹ በጣም ያማረ ነው፤ ግን ከካርቶኑ እንደወጣ ስለሚያብረቀርቅ ፋብሪካ ውስጥ እንደቆመ ነው የሚመስለው። በቀለምና በትዕግሥት ይህን መለወጥ ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ሎኮሞቲቭ ላይ ያለ እድፍ ሁሉ የመጣበት ቦታ አለው። ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ብሩሽ አታንሡ።

መጀመሪያ ዓመቱንና ሥራውን ምረጡ

እነዚህ ሎኮሞቲቮች ከፋብሪካ ሲወጡ በሦስት ዓይነት ግራጫ ተቀብተው ነበር። በ1994 የብሪታንያ የጭነት ባቡር ሥራ ለሦስት ኩባንያዎች ሲከፋፈል አንዳንዶቹ ጥቁርና ብርቱካን፣ አንዳንዶቹ ሰማያዊ ሆኑ። ከ1996 በኋላ ጠቆር ያለ ቀይና ወርቃማ መጣ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ የጀርመኑ የባቡር ኩባንያ የዶይቸ ባን ቀይ። ስለዚህ የ1990 ግራጫ ላይ የሃያ ዓመት ዝገት መቀባት ታሪኩን ማበላሸት ነው።

ሥራው የቆሻሻውን ቀለም ይወስናል። ደርቢሺር ውስጥ ከፒክ ፎረስት የኖራ ድንጋይ የሚያወጣ ሎኮሞቲቭ ነጣ ያለ አቧራ ይለብሳል። ከኢሚንግሃም ወደብ ወደ ስካንቶርፕ የብረት ፋብሪካ ማዕድን የሚያመላልሰው ቀላ ያለ ቡናማ ይሆናል። የአንድ የተወሰነ ቁጥር ፎቶ ፈልጉ፤ ለምሳሌ 60061 “አሌክሳንደር ግርሃም ቤል”። ከጎን፣ ከፊት፣ ከተቻለም ከድልድይ ላይ የተነሣ የጣሪያ ፎቶ ቢኖራችሁ ሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። የሌሎች ሰዎችን ሞዴል አይታችሁ ግን አትሥሩ፤ የእነሱን ግምት ነው የምትገለብጡት።

ዝግጅት

ሞዴሉን በእቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስለስ ባለ ብሩሽ ጥረጉት፣ አድርቁት። የጋቢናውን መስታወትና መብራቶቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ከዚያ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት። ይህ ንብርብር ሁለት ጥቅም አለው፦ ቀለሙ የሚይዝበት ሻካራ ነገር ያገኛል፣ የታተሙት ቁጥሮችና ምልክቶችም ከማቅጠኛው ይጠበቃሉ። ርጥበት ባለበት ቀን አትንፉ፤ ቫርኒሹ ጭጋግ እንደያዘው መስታወት ይነጣል፣ ማስለቀቁም ቀላል አይደለም።

ጎኑ፦ ዋናው ሥራ

ብዙ ሞዴል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ቡናማ ቀለም ያቀጥንና ሁሉንም እኩል ይቀባዋል፤ ውጤቱ ጭቃ ውስጥ የተነከረ ሎኮሞቲቭ ነው። እውነተኛው ነገር ሌላ ነው። አቧራ በየቦታው ያርፋል፣ ዝናብ ይመጣና ከላይ ወደ ታች ያጥበዋል፣ የቀረው በመገጣጠሚያዎች፣ በበሮች ጠርዝና በወንፊቶቹ ውስጥ ይሰበሰባል። እኛም ይህንኑ ቅደም ተከተል እንከተላለን፦ እናቆሽሻለን፣ ከዚያ እናጥባለን።

የሠዓሊዎች የዘይት ቀለም ተጠቀሙ። ጥቁር ቡናማ፣ ጥቁርና ትንሽ ነጭ ይበቃል። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የዘይት ቀለም ግን ሐሳባችሁን እንድትለውጡ ጊዜ ይሰጣችኋል። ቀለሙን ካርቶን ላይ ጨምቃችሁ ጥቂት ሰዓት ተዉት፤ ካርቶኑ ትርፉን ዘይት ይመጥጣል፣ ቀለሙም ሲደርቅ አያብለጨልጭም። ከዚያ በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አቅጥኑት። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገባችሁ አይኑር።

በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ሥሩ። ቀጭኑን ቀለም ቀቡና አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። አሁን ጠፍጣፋ ብሩሽ አኳራጅ ውስጥ ነክራችሁ ጨርቅ ላይ ደጋግማችሁ ጥረጉት፤ ርጥብ ሳይሆን ወዛም ብቻ ይሁን። ከጣሪያው ጠርዝ ጀምሩና ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ሳቡ፤ ወደ ጎን ፈጽሞ አትጥረጉ። በየሁለት ሦስቱ ስበት ብሩሹን ጨርቁ ላይ አጽዱ። ቀለሙ በበሮቹ መስመርና በእጅ መያዣዎቹ ሥር ይቀራል፤ በሰፊው ጎን ላይ ግን እንደ ጥላ ያህል ብቻ ይታያል። ብሩሹ ወፍራም መስመር ከተወ ርጥበቱ በዝቷል፤ ምንም ካላነሣ ቀለሙ ደርቋል፣ ትንሽ አርጥቡት።

በአንዱ ጫፍ ያሉት ትልልቅ የራዲያተር ወንፊቶች የተለየ ነገር ይፈልጋሉ። ጥቁር የበዛበትን ቀለም በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነካ አድርጉ፣ ራሱ ይሮጥና ይገባል። ላዩን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥረጉ።

ቢጫው ፊት ላይ እጃችሁን ቆጥቡ። ቢጫ ጥቂቷንም እድፍ ያጎላል። መስታወቱ ላይ ዋይፐሩ የጠረገው ቅስት ንጹሕ ይሁን፣ ከቅስቱ ውጭ ያለው ይደንግዝ። ሁሉም ሲያልቅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ።

ጣሪያና ታችኛው ክፍል

የጥላሸት ቦታ የጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። ክላስ 60 በሁለቱም ጫፍ ጋቢና ስላለው ሳይዞር ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጥላሸቱ በአንድ በኩል ብቻ አይንቦረቀቅ፣ በማውጫው ፊትና ኋላ ይሰራጭ። ጥቁር የቀለም ዱቄት ለስለስ ባለ ብሩሽ እያሻችሁ ከመሃል ወደ ውጭ አሳሱት። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚነፋ መሣሪያ) ያለው ሰው ይፈጥናል፤ ለአንድ ሎኮሞቲቭ ብሎ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ቦጊዎቹን (ጎማዎቹን የሚይዙትን ክፈፎች) እና የነዳጅ ታንኩን ግራጫ በገባበት ቡናማ ቀቡ። ድፍን ጥቁር አትጠቀሙ፤ ዝርዝሩን ሁሉ ይውጠዋል። ከፍሬን የሚወጣው የብረት ብናኝ እዚህ ነው የሚከማቸው። ነዳጅ መሙያው ሥር አንድ ቀጭን መስመር በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ብትጨምሩ የፈሰሰ ናፍጣ ይመስላል።

ጎማዎቹ

የብረት ጎማዎቹን ፊት ለመቀባት ሎኮሞቲቩን ፎጣ ላይ ገልብጡት፣ ከመቆጣጠሪያው በሽቦ ኤሌክትሪክ ስጡትና በዝግታ ሲሽከረከር ብሩሹን ሳታንቀሳቅሱ ያዙ። ሐዲዱን የሚነካው ክፍል ላይ የገባ ቀለም ኤሌክትሪክ ስለሚያግድ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ወዲያው አጽዱት።

ከሎኮሞቲቩ ጋር በትንሽ ከረጢት የሚመጡትን የፍሬን ቱቦዎች በወረንጦ ግጠሙ፤ ግን ፉርጎ በማታያይዙበት ጫፍ ብቻ። በሌላው ጫፍ ቱቦዎቹ መታጠፊያ ላይ ማያያዣውን ይይዙትና ከሐዲድ ያስወጡታል። የሞዴሉ ርዝመት 28 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ መጀመሪያ በሰፊ መታጠፊያ ላይ አስኪዱት፤ ሳይደናቀፍ ከዞረ ፉርጎዎቹን አያይዙለት።