ልጅ እያሳደጉ ለ100 ኪሎ ሜትር ዳገታማ የብስክሌት ጉዞ መዘጋጀት

ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ለከባድ የብስክሌት ጉዞ ሲዘጋጅ ቀድሞ የሚያልቅበት ጉልበቱ ሳይሆን ጊዜው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የሳምንቱን ፕሮግራም ይያዙ። በድምሩ እስከ 1,500 ሜትር ሽቅብ ለሚያስወጣ የ100 ኪሎ ሜትር መንገድ ጤነኛ ጀማሪ 16 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ ሁለቱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ሦስተኛው ረጅም። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ወይም በቅርቡ የወለደች እናት አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ረጅሙን ቀን ልጁን ከሚይዝልዎ ሰው ጋር ለወሩ በሙሉ ይነጋገሩበት፤ መውጫውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም።

ከዚያ ኮርቻውን ያስተካክሉ። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ይበል። ሲነዱ የሚረግጡት በእግርዎ የፊት ክፍል ስለሆነ ጉልበትዎ ትንሽ ይታጠፋል፤ ልኩም ይኸው ነው። ጉልበትዎን ከፊት ካመመዎት አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ካመመዎት ወይም ዳሌዎ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ከፍ ብሏል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አይቀይሩ። እጅዎ ከደነዘዘ ክርንዎን ያላሉ፤ ካልተሻለው መሪውን ከፍ ያድርጉ። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ያለ የውስጥ ሱሪ ይለበሳል፤ ደርበው የሚለብሱት በስፌቱ ይላጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወሩ መንዳት የሚችሉበት ቀላል ፍጥነት ብቻ ነው። ረጅሙ ቀን በ90 ደቂቃ ይጀመርና በየሳምንቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጨመርበታል፤ በየአራተኛው ሳምንት ሲሶውን ይቀንሱና በቀጣዩ ሳምንት ከቅነሳው በፊት ከደረሱበት ይቀጥሉ። በዚህ አካሄድ በ14ኛው ሳምንት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይደርሳሉ።

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከአጫጭሮቹ ቀናት አንዱን ለዳገት ይስጡት። 10 ደቂቃ ሰውነትዎን ያሟሙቁ፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ሽቅብ፣ 4 ደቂቃ ቀስ ብሎ መመለስ። በሦስት ዙር ይጀምሩና ቀስ በቀስ አምስት ያድርሱት። ሲወጡ ከሦስትና ከአራት ቃል በላይ መናገር ካልቻሉ ጥረቱ በቂ ነው። ማርሹን ዳገቱ ከመክበዱ በፊት ያቅሉት፤ ከባድ ማርሽ ላይ እያቃሰቱ መርገጥ ጉልበትን ይጎዳል፣ ሰንሰለቱም በጭነት ላይ ሲቀየር ይዘላል። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ከዳገቱ ግርጌ ተንደርድረው እኩሌታው ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍጥነትዎን ከመታጠፊያው በፊት፣ በሁለቱም ፍሬን ይቀንሱ።

ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ካደረና ከ5 ሰዓት በታች ከተኙ የዳገቱን ልምምድ በ30 ደቂቃ ቀላል መንዳት ይተኩት ወይም ይረፉ። ያመለጠን ቀን ለማካካስ በማግስቱ እጥፍ አይንዱ፤ የሚጎዱት በብዛት እንዲህ የሚያደርጉት ናቸው። ሙሉ ሳምንት ካመለጠዎት ያለፈውን ሳምንት ይድገሙት። ትኩሳት ካለዎት ፈጽሞ አይንዱ። ቤት ውስጥ ብስክሌቱን ከቦታው ሳይንቀሳቀስ በሚያስነዳ ማቆሚያ ላይ አድርገው የሚነዱ ከሆነ ልጁ ነቅቶ ሳለ እንዳይገባ በሩ ይዘጋ፤ የሚሽከረከር ቸርኬና ሰንሰለት የሕፃን ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ልብስዎን፣ ውሃዎንና የተነፋ ጎማዎን ማታውኑ ያሰናዱ፤ ጠዋት የሚባክነው 20 ደቂቃ ከልምምዱ ነው የሚቀነሰው።

ከ90 ደቂቃ በላይ ሲነዱ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይውሰዱ። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ገደማ ይዟል። ረሃብ እስኪሰማዎት አይጠብቁ፤ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጀምረው በየ20 እና 30 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ይብሉ። ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል፣ ሙቀት ሲሆን ከዚያ በላይ። በጉዞው ዕለት አዲስ ምግብ አይሞክሩ።

ጎማ መቀየርን ቤት ውስጥ ይለማመዱ። አዲሱን የውስጥ ጎማ ከማስገባትዎ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣትዎ ቀስ ብለው ዙሪያውን ይዳስሱ፤ የተሰካው እሾህ ካልወጣ አዲሱም ወዲያው ይበሳል።

በ15ኛው ሳምንት ልምምዱን በግማሽ ይቀንሱ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ጊዜ የ30 ደቂቃ ቀላል መንዳት ይበቃል። በዕለቱ የመጀመሪያውን ሰዓት ሰው ሁሉ ቢያልፍዎት እንኳ እያወሩ በሚነዱበት ፍጥነት ይሂዱ።