የአያት ጠመንጃ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

መጀመሪያ እንግባባ። ያለ ፈቃድ መሳሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወንጀል ነው፣ ስለዚህ ይሄ ሁሉ ፈቃድ ላለው ሰው ነው የተጻፈው። የኛ ቤት ቤልጅግ፣ ማለትም የአያቴ ቤልጅየም ሠራሽ ጠመንጃ፣ ከሳጥን የሚወጣው ለመወልወል ብቻ ነው፣ ባህር ዳር ላይ ማንም አይተኩስበትም። የሚተኩሰው አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው፣ አንበሳ የተቀረጸበት፣ ከኛው ሀገር የወጣ ማውዘር የሚባል ጠመንጃ ገዝቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተኩስ ሜዳ ይዞት ይሄዳል። እኔ እወለውላለሁ እሱ ይተኩሳል፣ ማታ በቴሌግራም እንጨቃጨቃለን፣ ከዚያ ጭቅጭቅ የተረፈው ነው እንግዲህ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ባዶ መሆኑን እዩ። ካዝናውንም፣ ጥይት የሚገባበትንም፣ በዓይን አይታችሁ በጣት ዳስሱት። "አያቴ ከሞተ ጀምሮ ጎርሶ አያውቅም" የሚባል ነገር አይሠራም።

ቦልቱ (ጥይት የሚያጎርሰው ተንሸራታች ብረት) እንደ ሙጫ ተጣብቆ አልከፈት አለ

ይሄ የኛው ነው፣ አምና ሐምሌ ላይ ሳወጣው ብስበው ብስበው ንቅንቅ የለም፣ እናቴ "አያትህ ተቆጥተው ነው" አለች። ለካ ቁጣው የኑግ ዘይት ነው። ድሮ ቤት ያለውን ነው የሚቀቡት፣ ኑግ ደግሞ አየር ሲያገኝ ቀስ እያለ የሚደርቅ ዘይት ነው፣ ከቆየ ቡናማ ሆኖ እንደ ቫርኒሽ ይጠነክራል። መዶሻ እንዳታነሱ። ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነክሮ መጋጠሚያው ላይ ማድረግና አሳድሮ ማየት ነው፣ እኔ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ በሦስተኛው ቀን ጧት ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ነው ለምን ሰው አሮጌ ብረት እንደሚወድ የሚገባው፣ ዘጠና ዓመት ገደማ የሆነው ነገር እንደ አዲስ ቁልፍ ይዘጋል ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የስፌት ማሽን ዘይት፣ እሱም ጠብታ። ቅቤና ስብ ለወጥ ይሁን።

በቆዳ ልባሱ እያለ ዛገ

ሰው የሚገርመው ይሄ ነው፣ "ሸፍኜው!" ይላል። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ነገርም ብረት ይበላል፣ ጣና ዳር ደግሞ በክረምት አየሩ ራሱ ውሃ ነው። ላስቲክ ውስጥ መጠቅለልም ያው ነው፣ ላቡ አይወጣም። ስስ ዘይት ቀብታችሁ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ፣ በተቆለፈ ሳጥን። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ ክፈቱት።

ዝገቱን ሳስለቅቅ ብረቱ ነጣ

ይሄንን ስጽፍ ያመኛል። አንድ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ጋር ወስጄው በብርጭቆ ወረቀት ፈተገልኝ፣ ሲመልስልኝ እንደ ማንኪያ ያበራል፣ የአንበሳው ፊት ግን ጠፍቷል፣ የቀረው ጭራውና ግማሽ እግሩ ነው። ያ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ራሱ ዝገት የሚከላከለው ነው፣ ማህተሙና ቁጥሩ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚናገርበት አፉ ነው። ቤልጅጎች ብዙዎቹ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተገዙ ናቸው፣ ያንን የሚመሰክረው ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ትክክለኛው ዘዴ ዘይት አፍስሶ ማሳደርና በመዳብ ሳንቲም ጠርዝ ቀስ አድርጎ መፋቅ ነው፣ መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ይዞ ይሄዳል ብረቱን አይጭርም። ያልለቀቀውን ተዉት።

ሰደፉ አበጠ፣ ወይ ተሰነጠቀ

እንጨት ነው፣ በክረምት ይጠጣል በበጋ ይደርቃል። እዚህ ላይ ተልባ ነው መድኃኒቱ፣ የተልባ ዘይት በስሱ በእጅ እየታሸ፣ በንብርብሩ መሀል ቀን እየሰጣችሁት። እንግሊዞቹም ለጠመንጃ እንጨት ይሄንኑ ነበር የሚጠቀሙት። እንግዲህ እዩት፣ ኑግ ብረቱን ሲያጣብቅ ተልባ እንጨቱን ያድናል፣ ሁለቱም ከጎጃም ማሳ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንዳትጥሉ፣ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ዘርግታችሁ አድርቁት። የአክስቴ ልጅ ደግሞ እንጨቱ አብጦ አፈሙዙን ሲነካ ጥይቱ በየወቅቱ ሌላ ቦታ ይመታል ይላል፣ ማነጣጠሪያውን ከመውቀስ በፊት ብሎኖቹ መላላታቸውን እዩ።

ይተኮስበታል ወይ?

ዝም ብሎ አይተኮስም። ቦልቱና አፈሙዙ መጀመሪያ አብረው የተሠሩ መሆናቸውን ቁጥር እያነጻጸራችሁ እዩ፣ ከዚያ ጠመንጃ ሠሪ በመለኪያ ይለካው። ውጅግራ የምንለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ነው፣ 11 ሚሊሜትር፣ በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ፣ ዘመናዊ ባሩድ ከገባበት ሊፈነዳ ይችላል። ማውዘርም ቢሆን የ1888ቱ የጀርመን ጥይትና ከ1905 በኋላ ያለው (ሁሉም በፈረንጅ ዓመት) ሁለቱም "8" ይባላሉ ግን የእርሳሱ ውፍረት አይገጥምም።

ከሸፈ

ከሸፈ ብላችሁ ቶሎ እንዳትከፍቱት! አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቁ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የጥይቱ እርጅና ነው፣ ካልሆነ ጥይቱን ከኋላ በሚመታው መርፌ ስፕሪንግ ላይ የደረቀ ቅባት (ኑጉ እዚህም አለ)።

ተኩሼ በማግስቱ ቀይ ዝገት አወጣ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ በፊት የተሠራ ወታደራዊ ጥይት አብዛኛው ሲተኮስ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ዘይት አያሟሟውም፣ እሱን ሸፍኖ ውስጥ ለውስጥ ያበላል። የፈላ ውሃ በአፈሙዙ አፍስሱ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት። የአክስቴ ልጅ "ጠመንጃ በሻይ ውሃ ይታጠባል ወይ" ብሎ ሳቀብኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ ውስጡን ፎቶ ላከልኝ፣ ሳቁ የለም።

ዒላማውን ሁሉ በላይ ያልፋል

ዓይናችሁ አይደለም። ድሮ ሩቅ ነው የሚያስቡት፣ የ1891ዱ ረጅም የጣሊያን ጠመንጃ፣ ካርካኖ፣ ዝቅተኛ ማነጣጠሪያው ለ300 ሜትር ነው፣ 100 ሜትር ላይ ከፍ ብሎ ይመታል። ዝቅ አድርጋችሁ አነጣጥሩ እንጂ ማነጣጠሪያውን በሞረድ አትንኩ። የካርካኖው ካዝና ጥይት አላጎርስ ካላችሁ ደግሞ 6 ጥይት የሚይዘው ክሊፑ ስለሌለ ነው፣ ያለሱ አይሠራም፣ የተበላሸ መስሏችሁ አትፍቱት።

ትከሻ ይሰብራል

ኃይለኛ ጥይት፣ ሰደፉ ጫፍ ላይ ብረት፣ ምን ትጠብቃላችሁ። ሰው ፈርቶ ከትከሻው አርቆ ይይዘዋል፣ ያኔ ነው በሩጫ መጥቶ የሚመታው። ጠበቅ አድርጎ ወደ ትከሻ ጉድጓድ ማስገባትና ወፍራም ነገር መደራረብ ነው። የአክስቴ ልጅ ከእናቴ የተላከለትን ጋቢ አጥፎ ከትከሻው ሥር አድርጎ አምስቱን ተኮሰ፣ ቪዲዮውን ላከልን፣ በአምስተኛው "ዘራፍ!" ብሎ ፈረንጆቹ ሁሉ ዞረው አዩት። እናቴ ሦስቴ ደጋግማ አየችውና "ጋቢውን ባሩድ እንዳያሸተው በለው" ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።