ፑንታው ሰማያዊ ሲሆን፦ በቤት ውስጥ ብረት ለምንበሳና ለምንቆርጥ

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ግቢዬ ገባ። መዳፉ ላይ ሦስት ፑንታ፣ የድሪል መብሻ፣ ይዟል። የሦስቱም ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል። «አየህ ዕቃውን? ሦስቱም በአንድ በር አለቁ» አለኝ። ለአጥር በሩ የቁልፍ መቀርቀሪያ እየገጠመ ነበር። አንዱን ተቀብዬ ጫፉን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። የሚቆርጠው ጠርዝ መሀሉ ደህና ነው፤ የውጭው ጥግ ግን ተበልቶ ዶልዱሟል። ጥፋቱ ከዕቃው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

እዚህ አዳማ ድሪልና ግራይንደር (በሚዞር ዲስክ ብረት የሚቆርጥና የሚያለሰልስ ማሽን) ያለው ቤት እየበዛ ነው። ደስ ይላል። በር ለማጠንከር፣ የተሰበረ ወንበር ለመጠገን፣ መደርደሪያ ለመሥራት ሁልጊዜ ወደ ብየዳ ቤት መሮጥ አያስፈልግም። ግን ብረት እንደ እንጨት አይደለም። ሲከፋው ምልክት ይሰጣል፤ ቀለም ይቀይራል፣ ይጮኻል፣ ዱቄት ይተፋል። ምልክቱን ማንበብ የቻለ ሰው ገንዘቡንም ጣቱንም ያተርፋል። እኔ ብዙውን የተማርኩት አበላሽቼ ስለሆነ፣ ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ፑንታው ይዞራል፣ ብረቱ ግን አይበሳም

ምልክቱ ቀላል ነው። ሲጥ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ጭስ ይወጣል፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ነው። ያኔ ፑንታው እየቆረጠ ሳይሆን እያሸ ነው።

ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው። ብዙ የእጅ ድሪል እስከ መጨረሻ ሲጫን በደቂቃ ወደ 3,000 ዙር ይደርሳል። ለተራ ብረት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፑንታ የሚበቃው 800 ዙር ገደማ ነው። ለ5 ሚሊ 1,600፣ ለ3 ሚሊ 2,600 አካባቢ። ፑንታው በወፈረ ቁጥር ፍጥነቱ መቀነስ አለበት፤ ምክንያቱም የወፍራም ፑንታ የውጭ ጥግ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል። የጎረቤቴ ፑንታ ጥጉ ላይ ብቻ የተበላው ለዚህ ነው። በ10 ሚሊ ሲበሳ ጣቱን መጫኛው ላይ እስከ መጨረሻ ጨምቆ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ፈርቶ መጫን ነው። በፍጥነት እያዞሩ በስሱ መንካት ፑንታን የሚገድል ነገር ነው። መድኃኒቱ በዝግታ ማዞርና ጠንከር አድርጎ መጫን ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጠብታ የሞተር ዘይት ጣል አድርጉ፤ እየበሳችሁም ጨምሩ። ሲስተካከል ዱቄቱ ይቀርና የተጠማዘዘ ረጅም ክር ይወጣል። ክሩን ስታዩ ገብቶላችኋል ማለት ነው።

ስቴንለስ ከሆነ ጉዳዩ ይከፋል። ስቴንለስ ሲታሽ እዚያው የታሸበት ቦታ ላይ ይጠነክራል። ለአምስት ሰከንድ ሳይቆርጥ ከዞረ፣ ቀጣዩ ፑንታ የሚገጥመው የበለጠ የደደረ ብረት ነው። ፍጥነቱን ከተራው ብረት ግማሽ በታች አድርጉት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጫኑት፣ መሀል ላይ አትቁሙ። አንዴ ከደደረ ከጀርባው በኩል ብሱት፤ ያ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ከጎረቤቴ ሦስት ፑንታ ሁለቱን በድንጋይ ስለን አዳንናቸው።

ቀዳዳው ከታሰበው ሰፍቶ ወጣ

በ8 ሚሊ በስታችሁ ብሎኑ ሲወዛወዝ ታገኙታላችሁ። በመጀመሪያ የሚወጣውን ክር እዩ። ከሁለቱ የፑንታው ጎድጓዶች በአንዱ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ የሚቆርጡት ሁለት ጠርዞች እኩል አይደሉም። ብዙ ጊዜ በእጅ ሲሳል የሚመጣ ጣጣ ነው። አንዱ ጠርዝ ረዝሞ ጫፉን ከመሀል ያስወጣዋል፤ ፑንታውም ከራሱ የሰፋ ክብ ይበሳል። ለተራ ብረት የሚሸጥ ፑንታ የጫፉ ማዕዘን 118 ዲግሪ ነው። አዲስ ፑንታ አጠገቡ አድርጋችሁ አወዳድሩት፤ ዓይን ልዩነቱን ቶሎ ይይዛል።

ክሩ በሁለቱም በኩል እየወጣ ቀዳዳው ግን ሞላላ ከሆነ፣ ወይ እጃችሁ ተወዛውዟል ወይ ፑንታው ሲነሳ ተንሸራቷል። ከመብሳታችሁ በፊት ቦታውን በሹል ብረትና በመዶሻ ምቱት። ቀጥሎ በ3 ሚሊ መንገድ ክፈቱ፤ ከዚያ በወፍራሙ ተከተሉት።

ሊያልቅ ሲል ፑንታው ነክሶ ይይዛል

ይሄኛው ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ፑንታው ወዲያ ማዶ ብቅ ሲል የቀረችው ስስ ብረት አትቆረጥም፤ ፑንታው ላይ ትጠመዘዛለች። ብረቱ ካልታሰረ አብሮ ይዞራል። አንድ ጊዜ መዳፍ የምታህል ላሜራ በግራ እጄ ይዤ ስበሳ ይህ ደርሶብኛል። ላሜራው እንደ ቢላ ዞሮ አውራ ጣቴን ከጥፍሩ ሥር ሰነጠቀው። ጠባሳው አሁንም አለ።

መፍትሄው ብረቱን በሞርሳ፣ ጠረጴዛ ላይ በሚገጠመው ብረት መያዣ፣ ማሰር ነው። ሞርሳ ከሌለ ከእንጨት ጋር በመቆንጠጫ እሰሩት። ከሥሩ እንጨት ይኑር፤ ስሱን ብረት ይደግፈዋል። በስታችሁ ልትጨርሱ ስትቃረቡ ግፊቱን ቀንሱ። ደግሞም ድሪል ስትይዙ ጓንት አታድርጉ። ብዙ ሰው ጓንት ይጠብቀኛል ብሎ ያስባል። የሚዞር ፑንታ ግን የጓንቱን ክር ይዞ እጅን ያስከትላል። የሹራብ እጅጌ፣ ነጠላ፣ የአንገት ልብስም እንዲሁ።

የግራይንደሩ ዲስክ ይጣበቃል፣ ወደ ኋላ ይመታል

ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ዘንግ) ስትቆርጡ መጀመሪያ ደህና ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ዲስኩ ይጨመቅና ማሽኑ ወደ ደረት ይዘላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ድጋፍ ነው። ብረቱን በሁለቱም ጫፍ አስደግፋችሁ መሀሉን ስትቆርጡ፣ መሀሉ በክብደቱ ይወርድና ቁርጡ ዲስኩ ላይ ይዘጋል። ድጋፉን ከቁርጡ በአንድ በኩል ብቻ አድርጉት፤ ተቆርጦ የሚወድቀው ወገን ነፃ ይሁን። ያኔ ቁርጡ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም።

ባለ 115 ሚሊ ዲስክ በደቂቃ 11,000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ስለዚህ መከላከያ ሽፋኑን አትፍቱ። ሽፋኑን ፈትቶ የትልቅ ማሽን ዲስክ የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ፤ ለምኜም አስቁሜዋለሁ። ትልቁ ዲስክ የተሠራው ለ6,600 ዙር ነው። በ11,000 ሊበታተን ይችላል። መሀሉ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበትም እዩ፤ ብዙ ጊዜ የማብቂያ ወርና ዓመት ተቀርጾባታል። ጊዜው ያለፈበትን፣ ወድቆ የተሰነጠቀን፣ እርጥበት የነካውን ጣሉት። ባለ 1 ሚሊ መቁረጫን በጎኑ ለማለስለስ አትጠቀሙበት፤ ለማለስለስ ወፍራሙ ድንጋይ አለ።

የዚንክ ሽፋን ያለው ቆርቆሮ ወይም ቧንቧ ከሆነ ክፍት ቦታ ሥሩ። በተለይ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል።

ቢላው ተሳለ፣ በማግስቱ ደነዘ

ከባሌስትራ (ከመኪና ሞላ ብረት) የተሠራ ቢላ በግራይንደር ስትስሉ ጠርዙ ላይ ቀለም ይሄዳል። መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡና፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ መጨረሻ ሰማያዊ። ቢጫው በ220 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል፤ ሰማያዊው ወደ 300 ሲጠጋ። ሰማያዊ ከደረሰ አንጥረኛው ውሃ አጠጥቶ የሰጠው ጥንካሬ ከዚያ ቦታ ሄዷል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብታጠፉት እንኳ ብረቱ እንደለሰለሰ ይቀራል።

መድኃኒቱ ሰማያዊው ክፍል እስኪያልቅ ድረስ በሞረድ ወይም በእርጥብ መሳያ ድንጋይ መውሰድ ነው። ለወደፊቱ ውሃ በጣሳ አጠገባችሁ አድርጉ። ቢላውን በባዶ እጅ ያዙ፤ ጣታችሁ መቋቋም ሲያቅተው ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ይህን ያነሳሁት ሌላም ጉዳይ ስላለ ነው። ድሪልና ሞርሳ ያለበት ቤት አንዳንዱ የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ይመጣል። «ትንሽ ቦታ ናት፣ ብሳልኝ» ይላል። አልነካም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ መሥራትም መጠገንም ይከለክላል። አዋጁ ባይኖርም አልነካም ነበር። በግራይንደር የጋለ ብረት ከውጭ ሲያዩት እንደ ድሮው ነው፤ ውስጡ ግን ለስልሷል። ቢላ ሲለሰልስ ሽንኩርት አልቆርጥ ይላል። ጠመንጃ ሲለሰልስ የተኳሹ ፊት አጠገብ ሊፈነዳ ይችላል።

ማሽኑ ይግላል፣ ከጀርባው እሳት ይተፋል

እኛ ሰፈር ማታ መብራቱ ይደክማል። ድሪሉ ዙሩ ሲወርድ እናንተ የበለጠ ትጫናላችሁ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም አብሮ ስለሚደክም ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አምፖሉ ሲደበዝዝ ካያችሁ ሥራውን ለጠዋት አቆዩት። የኤክስቴንሽን ገመዱንም እዩ። ቀጭን ከሆነ፣ ይባስ ብሎም ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ራሱ ይግላል። ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ ለግራይንደር ደግሞ 2.5 ሚሊ ሽቦ ያለውን ተጠቀሙ።

ማሽኑ ሳይጫን ሲዞር በማናፈሻው ቀዳዳ ተመልከቱ። ትንንሽ ሰማያዊ ፍንጣሪዎች ጤና ናቸው። ዙሪያውን የሚከብ ቢጫ የእሳት ቀለበት ግን ካርቦኑ (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) እንዳለቀ ወይም ሞተሩ ውስጥ ሽቦ እንደነካ ይናገራል። ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ ካርቦኖቹን አውጡ። ርዝመታቸው 5 ሚሊ ገደማ ከደረሰ ሁለቱንም በአንድ ላይ ቀይሩ። አንዱን ብቻ መቀየር አያዋጣም።

አዳማ ላይ ሌላ ጠላት አለ፤ አቧራ። ኮረብታው ላይ የቆሙትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ የእኛን ግቢ አፈርም ያነሳል። አፈሩና የብረቱ ዱቄት ተደባልቀው ሞተሩ ውስጥ ይገባሉ። ከሥራ በኋላ ማሽኑን በጎሚስታ አየር ወይም በብስክሌት ፓምፕ አራግፉት። ካርቦን ከቀየራችሁ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ሳትጭኑ አዙሩት፤ አዲሱ ካርቦን ቦታውን ይይዛል። ፍንጣሪው እየቀነሰ ካልመጣ መልሳችሁ ንቀሉና ሞተር ጠምጣሚ ዘንድ ውሰዱት።