ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ ብሉቱዝ እንዴት እንደሚጨመር

ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ላፕቶፖች ዕድሜ በቀላሉ አይበግራቸውም። የሌኖቮ ቲንክፓድም ይሁን የዴል ላቲቲዩድ ወይም የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዐሥር ዓመት አልፎትም ኪቦርዱ ጠንካራ፣ ማጠፊያው ያልላላ፣ ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ከበቂ በላይ የሆነ ማሽን ማግኘት ይቻላል። ብዙዎቹ ግን ብሉቱዝ የላቸውም። በጅምላ ያዘዛቸው ድርጅት ለወጪ ወይም ለመረጃ ደኅንነት ሲል ብሉቱዙን ሳያስገጥም ቀርቷል፤ አለዚያም ተገጥሞ ሳለ ዘግቶታል። ለዚህ ብቻ ተብሎ ደህና ማሽን መለወጥ የለበትም። ጉድለቱ በትንሽ ዕቃ ይሞላል፤ ከባዱ ነገር የትኛው ዕቃ ለየትኛው ማሽን እንደሚሆን ቀድሞ ማወቁ ነው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ የለም ወይስ ተዘግቷል?

ምንም ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያጣሩ። በላፕቶፑ ጎን ወይም ፊት ለፊት የገመድ አልባ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ያብሩት፤ በብዙ ቲንክፓዶች ላይ ይህንኑ የሚሠራው ኤፍኤን እና ኤፍ5 ቁልፍ በአንድነት ሲጫኑ ነው። ቀጥሎ ማሽኑን አጥፍተው ሲያበሩት ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ይግቡ። ቲንክፓድ ላይ በኤፍ1፣ ዴል ላይ በኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ በኤፍ10 ይገባል። ብሉቱዝ የሚል መስመር ካገኙ ይክፈቱት። መስመሩ መኖሩ ብቻ ግን ዕቃው ውስጥ መኖሩን አያረጋግጥም።

ብዙ ሰው ዊንዶውስ ውስጥ የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍቶ ብሉቱዝ የሚል ስም ሲያጣ «የለውም» ብሎ ይደመድማል። ይህ አያስተማምንም። የላፕቶፕ ብሉቱዝ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በውስጥ የዩኤስቢ መስመር ስለሆነ፣ በማብሪያው ወይም በባዮስ ሲዘጋ ከዝርዝሩ ጨርሶ ይጠፋል። በተቃራኒው ደግሞ ቢጫ ምልክት ያለበት «ያልታወቀ ዕቃ» ካዩ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም) ያጣ ብሉቱዝ ሊሆን ይችላል።

ባዮሱ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ሻጩን ይጠይቁ። ቲንክፓድ ላይ የባዮስ ዋና የይለፍ ቃል በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ባዮሱን አስከፍቶ ቢያይ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ቀላሉ መንገድ፦ የዩኤስቢ አዳፕተር

ለአብዛኛው ሰው መልሱ ይህ ነው፤ ያለ ማቅማማት የምመክረውም ይህንኑ ነው። ጥፍር የምታህል አዳፕተር ትሰካለች፣ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ድራይቨሩን ራሱ ያገኛል፣ ሥራው አለቀ። ከአዳፕተሩ ጋር ሲዲ ቢመጣ አይንኩት፤ በአብዛኛው ያረጀ ሶፍትዌር ነው፣ ከዊንዶውስ የራሱ ብሉቱዝ ጋር ይጋጫል። ላፕቶፑ ውስጥ ደካማ ብሉቱዝ ካለ ደግሞ አዳፕተሩን ከመሰካትዎ በፊት እሱን ይዝጉት፤ ዊንዶውስ ሁለት ብሉቱዝ በአንድ ጊዜ አያስተዳድርም።

ሲገዙ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ይልቅ ውስጡ ያለውን ቺፕ ይጠይቁ። የሪልቴክ 8761 ቤተሰብ ጥሩ ምርጫ ነው። ሲኤስአር 8510 የሚባለው የብሉቱዝ 4.0 ቺፕ በዘመኑ መልካም ነበር፤ አሁን ግን አስመስለው የተሠሩ ቅጂዎቹ ስለበዙ ባይገዙት ይሻላል። የያዙት አዳፕተር እውነተኛ ስሪት ምን እንደሆነ ለማወቅ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ስሙን ሁለቴ ይጫኑና አድቫንስድ የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። ኤልኤምፒ ከሚለው ቀጥሎ ቁጥር አለ፤ 6 ከሆነ ብሉቱዝ 4.0፣ 8 ከሆነ 4.2፣ 9 ከሆነ 5.0 ነው። ማሸጊያው 5.0 ብሎ ቁጥሩ 6 ከሆነ መልሱት።

የሚሰኩበት ቦታ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አዳፕተሩን ያለ ጥፋቱ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ብሉቱዝ የሚሠራው ከ2402 እስከ 2480 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። ዩኤስቢ 3.0 መረጃ ሲያስተላልፍ የሚያወጣው የሬዲዮ ረብሻ በዚሁ ክልል ላይ ያርፋል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 በጽሑፍ አስረድቶታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ወደ ውጫዊ ዲስክ ፋይል መቅዳት ሲጀምሩ ማውሱ ይንቀራፈፋል፣ ሙዚቃው ይቆራረጣል፤ ቅጂው ሲያልቅ ሁሉም ይስተካከላል። አዳፕተሩን ወደ ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ያዛውሩት፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥቁር ሲሆን የ3.0 መሰኪያ ሰማያዊ ነው። ከዲስኩ በተቃራኒ ጎን ቢሆን ይመረጣል። ሌላ መሰኪያ ከሌለ አጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገመድ አዳፕተሩን ከረብሻው ያርቀዋል።

ከባዱ መንገድ፦ ውስጥ የሚገጠም ካርድ

መሰኪያ እንዳይያዝባቸው የሚፈልጉ ሰዎች የዋይፋይ ካርዱን አውጥተው ዋይፋይና ብሉቱዝ በአንድነት በያዘ ካርድ ይተኩታል። ሲሳካ በጣም ያምራል፤ ዋይፋዩም አብሮ ይሻሻላል። እስከ 2013 ገደማ የወጡት ማሽኖች በአብዛኛው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለውን ካርድ ይቀበላሉ፤ ለእነሱ ኢንቴል 6235 ወይም 7260 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመጡት 22 በ30 ሚሊሜትር የሆነውን የኤም.2 ካርድ ይይዛሉ፤ ለእነሱ ኢንቴል 8265 ወይም ኤኤክስ200 አለ። ኢንቴል 9560 እና ኤኤክስ201 ግን አይግዙ። መልካቸው አንድ ነው፣ መሰኪያው ውስጥም ይገባሉ፤ ሆኖም የሥራቸው ግማሽ በአዳዲሶቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ስለሚከናወን አሮጌ ማሽን ላይ አይሠሩም።

የመጀመሪያው እንቅፋት ባዮሱ ነው። ሌኖቮና ኤችፒ በብዙ አሮጌ ማሽኖቻቸው ላይ የሚቀበሏቸውን ካርዶች ዝርዝር ባዮሱ ውስጥ አስቀምጠዋል። ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ካርድ ሲገጠም ላፕቶፑ ዊንዶውስን ሳይከፍት ቀጥ ይላል፤ ቲ420ና ኤክስ220 በመሳሰሉት ቲንክፓዶች ላይ 1802፣ በኤችፒ ላይ ደግሞ 104 የሚል የስሕተት ቁጥር ይታያል። ካርዱ አልተበላሸም፣ ማሽኑም አልሞተም፤ ካርዱን ሲያወጡት እንደ ቀድሞው ይነሣል። መፍትሔው በአምራቹ የጥገና መመሪያ ላይ ለዚያ ሞዴል የተዘረዘረውን የመለዋወጫ ቁጥር ፈልጎ፣ ያ ቁጥር በካርዱ ላይ የተለጠፈበትን መግዛት ነው። ዝርዝሩን ያነሣል ተብሎ ከማይታወቅ ሰው የተገኘ ባዮስ መጫን በፍጹም አልመክርም፤ ባዮሱ ከተበላሸ የሚጠፋው ማሽኑ ነው። የዴል ላቲቲዩዶች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ለዚህ ሥራ ከሁሉም የሚመቹት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው እንቅፋት የበለጠ ያደክማል፤ ምክንያቱም ምንም የስሕተት መልእክት የለውም። ካርዱ አንድ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ዋይፋዩ በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ይሄዳል፤ ብሉቱዙ ደግሞ በዚያው መሰኪያ ላይ ባሉት የዩኤስቢ ፒኖች (የመገናኛ ጥርሶች)፤ በሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ 36ኛና 38ኛ ናቸው። አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ለብሉቱዝ ሌላ የራሱ ቦታ ስላላቸው፣ እነዚህ ሁለት ፒኖች ከማዘርቦርዱ ጋር አልተገናኙም። ውጤቱም ዋይፋዩ ፈጥኖ ይሠራል፣ ብሉቱዙ ግን እንደሌለ ይሆናል፤ ምንም ድራይቨር አያመጣውም። ስለዚህ ካርድ ከመግዛትዎ በፊት በትክክል የእርስዎን ሞዴል ይዞ ያንኑ ካርድ የገጠመ ሰው «ብሉቱዙም ሠርቷል» ብሎ መጻፉን ያረጋግጡ። «ካርዱ ሠርቷል» የሚለው ብቻ አይበቃም።

ሦስተኛው በሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርዶች ላይ የሚታይ ነው። በአንዳንድ ካርዶች 51ኛው ፒን ብሉቱዙን ማጥፊያ ነው፤ ማሽኑ ያንን ፒን ለሌላ ነገር አውሎት ከሆነ ብሉቱዙ ሁልጊዜ እንደተዘጋ ይቆያል። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ፒኖች በአንድ ገጽ ላይ ተደርድረዋል፤ 51ኛው ከ1ኛው በተቃራኒ ጫፍ የመጨረሻው ነው። ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስ ስፋት ስላለው ሙቀት የሚችል ስስ ቴፕ በምላጭ በቀጭኑ ቆርጠው በመቆንጠጫ ይለጥፉበት። ጎረቤቱን 49ኛውን እንዳይነካ፣ ካርዱ ሲገባም ቴፑ እንዳይታጠፍ በጥሩ ብርሃን ይሥሩት።

መግጠሙ ራሱ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ቻርጀሩንና ባትሪውን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ይጫኑ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ይፍቱ። የአንቴና ገመዶቹን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ የቀለማቸው ትርጉም ከአምራች አምራች ይለያያል። ራሶቻቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡ እንጂ ገመዱን አይጎትቱ፤ ሲመልሱ ትንሽ ጠቅታ መሰማት አለበት። ሁለቱንም ይግጠሙ፤ ብሉቱዙ አንዱን ከዋይፋዩ ጋር ስለሚጋራ የተረሳ ገመድ ርቀቱን ወደ ጥቂት ስንዝር ሊያወርደው ይችላል። ዊንዶውስ ሲከፈት የብሉቱዙን ድራይቨር ለብቻው ይጫኑ፤ የዋይፋዩ ድራይቨር እሱን አይጨምርም።

አምራቹ ለብሉቱዝ ባዘጋጀው ቦታ ላይ የሚሰካ የድሮ ትንሽ ካርድ ፈልገው የሚገጥሙም አሉ። በ2010 ብሉቱዝ 4.0 ከመውጣቱ በፊት የተሠሩት በአብዛኛው 2.0 ወይም 2.1 ናቸው፤ የጆሮ ማዳመጫ ያገናኛሉ፣ ሎው ኢነርጂ የሚባለውን ኃይል ቆጣቢ የብሉቱዝ ዓይነት የሚጠቀሙ የዛሬ ማውሶችን ግን ጨርሶ አያዩአቸውም። ዊንዶውስ 7 ላይ ከሆኑ ደግሞ አዲስ ካርድም ቢገጥሙ ይኸው ችግር አይቀርም፤ ዊንዶውስ ሎው ኢነርጂን ራሱ መደገፍ የጀመረው ከ8 ወዲህ ነው።

ከተገናኘ በኋላ በስብሰባ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫው ድምፅ በድንገት እንደ ስልክ ድምፅ ቢቀጥን ካርዱን አይጠርጥሩ። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ብሉቱዙ ከሙዚቃ ወደ ጥሪ አሠራር ይቀየራል። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ለማይክሮፎን የላፕቶፑን የራሱን ይምረጡ፤ ድምፁ ወደ ጥራቱ ይመለሳል።